እናት፦ አንድ ጊዜ ብቻ

እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ሳለሁ፣ የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሰዓትም ሆነ የፈቃድ ጥያቄውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሻገርኩት እኔ ነኝ። አሻራ የሚያነበውን መሣሪያ በሩ አጠገብ አሰቀልኩ፤ የፈቃድ ዓይነቶችንም፣ ከዚያ በፊት የተወሰዱትን ፈቃዶችም አንድ በአንድ አስገባሁ።

በተለይ የኮራሁት በሐዘን ፈቃዱ ነበር። በወረቀቱ ጊዜ «እናቱን ሁለቴ የቀበረ ሠራተኛ አለ» እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኔም ቀዳዳውን ደፈንኩት፤ «እናት» ከሚለው ፊት ለፊት «አንድ ጊዜ ብቻ» ብዬ ሞላሁ። በጀት የሚዘጋበትን ሰኔንም ለዓመት ፈቃድ ዘጋሁት።

በዚያው ሰኔ አንድ ጠዋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አይቻለሁ፤ ልቤ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«ልጀ፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ። እናቴ አርፋብኝ ግምጃ ቤት ከተማ ልሄድ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እናትዎንማ አምና አብረን ቀበርን እኮ!» አልኳቸው። አጠገቤ ያሉት ሳቁ።

«እሷ የወለደችኝ ናት። ይችኛዋ አጥብታ ያሳደገችኝ ናት።»

የጡት እናት ምን እንደሆነች ጠፍቶኝ አይደለም፤ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። የወላጁ ጡት የደረቀበት ሕፃን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን የሁለት ቤት ልጅ ነው፤ ያጠባችው ስትሞትም ከልጆቿ ጋር ቆሞ ይቀብራል። ጥያቄያቸውን በእጄ ማሳለፍም እችል ነበር። ግን በሰው ፊት ተናግሬያለሁና ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

«ሲስተሙ የሚቀበለው አንዲት እናት ነው። ያለፈቃድ ከሄዱ ቀሪ ይልዎታል።»

«እሽ ልጀ» ብለው ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት ቀሪ ተብለው አያውቁም።

አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ፋይል ፈልጌ መዝገብ ቤት ገባሁ። ሄደው ይሆናል ብዬ ነበር። አልሄዱም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጠው ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

«አሁን አፈር አልብሰዋታል» አሉኝ።

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፋይሌን ይዤ ወጣሁ። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን በማግስቱ ሰረዝኩት። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ፤ ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ ወንበር አቀረቡልኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን ሌላ ፈቃድ ጠይቀውኝ አያውቁም።

በወሩ መጨረሻ የሁሉንም ሰዓት ሳወጣ የዚያን ቀኑን አየሁት። በሰዓታቸው ገብተዋል፤ በሰዓታቸው ወጥተዋል። ቀሪ የለባቸውም።