ሲስተር ለተ ከቢቸና የሄዱ ዕለት

ቢቸና ልጅ ሳለሁ፣ ተረት የምንሰማው አጥር ከምንጋራቸው ከሲስተር ለተ ቤት ነበር። አስመራ ተወልደው፣ በአዋላጅ ነርስነት እኛ ዘንድ ተመድበው ያረጁ፣ እኔንም ያዋለዱ ሴት ናቸው። ሲመሽ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው ከከሰሉ አጠገብ ይቀመጡና፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ ከአንድ ምንጭ ስለሚጠጡ ዝሆንና ሚዳቋ ያወሩልናል። ዝሆኑ «ምንጩ የእኔ ነው» ሲል ድምፃቸውን ያጎረንኑታል፤ ሚዳቋዋ «እኔስ የት ተወለድኩ?» ስትል እንስቃለን። ያኔ የእኛና የአስመራ መንግሥታት በሬዲዮ ወንድማማች ይባባሉ ስለነበር፣ ተረቱ ለእኛ ተረት ብቻ ነበር።

ኋላ የሬዲዮው አነጋገር ተለወጠ። ወንድም የተባለው ጠላት ተባለ፤ ድንበሩ ተዘጋ፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ዘመተና መርዶው መጣ። አባቴ ከለቅሶው በኋላ ሰብስቦን፣ «እዚያች ሴትዮ ቤት እግራችሁ እንዳይረግጥ! ዝሆን እያለች የምትሰድበው እኛን ነው» አለን። ያዋለዷቸው እናቶች ሳይቀሩ ሲስተር ለተን ገበያ ላይ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

አንድ ጠዋት ታጣቂዎች መጥተው ወደ አገራቸው እንደሚወስዷቸው ነገሯቸው። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ሳለ፣ ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው በጓሮ በኩል ወደ እኛ መጡ። እናቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ፈለግሽ?»

«አንተን አይደለም» ብለውት አልፈው ገቡ። የእናቴን ሆድ ዳሰሱና፣ «ልጁ በጎኑ ተኝቷል። እዚህ እወልዳለሁ እንዳትዪ፤ ዛሬውኑ ሞጣ ሆስፒታል ሂጂ» አሏት። እናቴ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ታጣቂው ከውጭ ተጣራ። መኪናው ወደ ደጀን ሲነሳ አባቴ ፊቱን አዞረ።

ግን በዚያኑ ዕለት እናቴን ሞጣ ወሰዳት። እህቴ በኦፕራሲዮን ተወለደች። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱም አይተርፉም ነበር፤ ማን ነገራችሁ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አባቴ እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሲስተር ለተ ስም በቤታችን አልተነሳም።

ዘንድሮ ሬዲዮው ስለ ጦርነት እንደገና ማውራት ጀምሯል። እኔም ዜናውን በሰማሁ ቁጥር፣ ስለ ድንበርና ስለ ጦር ሳይሆን፣ በጓሮ በኩል ስለገቡት አሮጊት አስባለሁ፤ ብቻዬን የማስብ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ እህቴ ልጇን አዝላ መጥታ ሳለ ግን፣ አባቴ ሬዲዮውን ዘጋና እሷን ብዙ ሲያያት ቆየ።

«ሲስተር ለተ በሕይወት ይኖሩ ይሆን?» አለ።

የሚያውቅ አልነበረም። የምንጠይቀውም ሰው የለንም።