ዱላ ማውረጃው ቁልፍ

ምንይችል ኮላ ድባ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ዱላ አያያዝ የተማረው ሠርግ ሜዳ ላይ ነው፤ አጎቱ አናቱ ተፈርክሶ ሲወድቅ ያየውም እዚያው ነው። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ መሃል ገብተው «ስለ ማርያም!» ብለው ነበር። አጎቱ ዱላውን አወረደ፤ ባላጋራው ግን አላወረደም። በዚያ አገር ገላጋይ ከገባ በኋላ የመታ ሰው፣ ከሟች ዘመድም ከገላጋይ ዘመድም ደም ይቃባል። ያ ደም ስንቱን ቤት ዘጋ!

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ የዱላ ፍልሚያ ጌም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ ለሁሉም ቁልፍ አለው፤ አናት መፈርከሻ፣ ቅልጥም መስበሪያ፣ በቀኝ መመከቻ፣ በግራ መመከቻ፣ ገላጋይ ሲገባ ደግሞ ዱላ ማውረጃ። ኩራቱ የግራ መመከቻው ነበር። እንደዚያ አድርጎ የሠራ ማንም የለም ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሥዕሉን የምትሠራው ሄለን ግን ጌሙ በኮንሶልም እንዲሠራ ፈለገች፤ በየሰፈሩ ጌም ቤት ያለው እሱ ነውና።

«ጆይስቲኩ ላይ ቁልፍ አለቀብን» አለችው። «ገላጋዩን እናውጣው።»

«ገላጋይ የሌለው ጠብማ እርድ ነው።»

«ምነው ምንይችል! ሰው ጌም ቤት የሚመጣው ሊደባደብ ነው ሊታረቅ?»

ተከራከሩ። በመጨረሻ ገላጋዩ ኮምፒውተሩ ላይ ይቆይ፣ ኮንሶሉ ላይ ይቅር ብለው ተስማሙ። ስህተታቸውም ይህ ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙ መሆናቸውን ዘነጉት።

ለሙከራ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ጠሩ። ኪሩ ኮምፒውተሩን ያዘ፣ ኢዮስያስ ጆይስቲኩን። ስክሪኑ ላይ ሰዎቻቸው ደም በደም ሆኑ። በኪሩ በኩል ገላጋዩ ገባ፤ ኪሩም ዱላውን አወረደ። የኢዮስያስ ዱላ አናቱ ላይ አረፈ።

«አውርድ እንጂ! ገላጋይ ገብቷል!»

«በምኔ ላውርደው? ቁልፍ የለኝማ!» ኢዮስያስ እየሳቀ ደገመው። የወደቀውን ሰው ፊቱ እስኪጠፋ ቀጠቀጠው። «ተነሥ እንጂ፣ ጀግናው!»

ኪሩ ኪቦርዱን ነቅሎ አፉን አለው። ከንፈሩ ተተረተረ። ኢዮስያስ ደም እየተፋ ወንበር አነሣ። ምንይችል መሃል ገባ፤ ኪሩ እጁን ሰበሰበ። ወንበሩ ግን ወረደ፤ የምንይችልን ቅንድብ ፈለጠው።

ሄለን በነጠላዋ ቁስሉን ጫነችው። «ኮንሶሉን እንተወው፤ ይቅርብን።»

«አንተወውም። የግራ መመከቻውን አወጣዋለሁ፤ በሱ ቁልፍ ዱላ ማውረጃው ይገባል።»

«ኩራትህን? እሺ፣ ከኮንሶሉ ብቻ አውጣው።»

«ከሁለቱም። አንዱ በግራ እየመከተ ሌላው የማይመክትበት ፍልሚያ፣ ፍልሚያ አይደለም።»

የሠራውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ቅንድቡ ተሰፍቶ ሲሽር፣ ከንፈሩ ያልሻረውን ኢዮስያስን ጠርቶ ጆይስቲኩን ሰጠውና ራሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ኢዮስያስ በግራ መጣበት። የምንይችል ጣት ወደ ለመደው ቁልፍ ሄደ፤ ቁልፉ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ የሰውየው መንጋጋ ተሰበረ፣ ጥርሱ ተረጨ፣ ተንበረከከ። ኢዮስያስ አናቱን ሊለው ዱላውን ሲያነሣ ገላጋዩ ገባ። ዱላው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ወይኔ!» አለ ኢዮስያስ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ እየጣለ። «ጨርሼህ ነበር እኮ፣ አያ ምንይችል!»