የገብስ ቆሎ ሽታ

የልጅ ልጄ በምታነብልኝ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሹራብ ሠሪ አሮጊት ሌባው ማን እንደሆነ ትመረምራለች። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከማድ ቤት የገብስ ቆሎ ሸተተኝና ሐሳቤ በልጅነቴ ያደግሁባት ይጁቤ ገባ።

ጣሊያን በያዘን ዘመን ነው። ከጣሊያን ጎተራ አንድ ስልቻ ገብስ ጠፍቶ ጭቃ ሹሙ አገሬውን ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። ሁሉም በየተራው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ መማል አለበት። አክስቴ ጥጥ እየፈተሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ባሏ በጦርነቱ ሞተ ተብሎ ከል የለበሰችው ጎረቤታችን መጥታ ከጎናችን ስትቀመጥ ልብሷ የተቆላ ገብስ ሸተተ። የአክስቴ እንዝርት ቆመ። በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ እሷ ደግሞ መንገደኛ የላትም። አክስቴ ከሏን ትክ ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። ባሏ ጫካ ውስጥ በሕይወት እንዳለ ለእኔ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ብርድ ነው፣ ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን አለበሷት። ተራቸው ሲደርስ ሳያመነቱ ማሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ «እትዬ፣ በሐሰት ማሉ?» አልኳቸው።

«ያየነውንና የሰማነውን ነው የጠየቁን። ስለ ሽታ ማን ጠየቀን?»

«እማማ፣ ሌባው ማን ይመስልዎታል?» አለች የልጅ ልጄ፣ የልብ ወለዱን ገጽ በጣቷ ይዛ።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አልኳት።