የፍልሰታ እንቁላል

ምግብ መተዌን ማንም ያላወቀው በጾም ስለጀመርኩት ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ያለውን የአባቴን የጫማ ሱቅ እጠብቅ ነበር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ «ሱቅ በልቻለሁ» እላለሁ። ጎረቤቶች ለእናቴ «የተባረከች ልጅ!» ይሏታል። ፋሲካ መጥቶ ሁሉም ሲፈስክ እኔ አልቻልኩም። ከስቼም በመስታወት የማየው ውፍረት ብቻ ነበር።

አባቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» ይለኛል። አባት በሞቴ ሲል እንዴት እምቢ ይባላል? አይኔን ጨፍኜ እጎርሳለሁ፤ ሆዴ ግን አይቀበለውም። ከዚያ በኋላ የእሱን እጅ ስሸሽ ገበታውንም ሸሸሁ።

ሰኔ ላይ ሱቅ ውስጥ ወድቄ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሟ ለወላጆቼ «ይሄ በሽታ ነው እንጂ እልህ አይደለም» አለቻቸው። «አታስገድዷት፣ አትቆጧት። ስትበላ አብራችኋት ተቀመጡ። ጾምም ይቅርባት።» የንስሐ አባታችንም ፈቀዱ።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ጠዋት እንቁላል ስትጠብስልኝ ሽታው የኮንዶሚኒየሙን ኮሪደር ሞላው። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው እቴ፣ ፍልሰታን እኮ ሕፃን እንኳ ይጾማታል! ምንድነው የሚሸተን?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ «የማይጾም እንግዳ መጥቶብኝ ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለልጄ ነው» አለች። «ታማብኛለች። መብላት አቅቷታል።»

«ውይ! ዓይን ይሆናላ። ጸበል ውሰጃት እንጂ።»

«ጸበሉንም እንሄዳለን። አሁን ግን ምግቧ እንዳይቀዘቅዝ።»

አባቴ ጾመኛ ነው፤ ግን ሱቁን ሳይከፍት አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ሳህኑ ምንም አላነሳም። በስህተት ሁለት የግራ እግር ጫማ ይዞ ሄዶ ተናዶ ስለተመለሰ ደንበኛ አወራኝ።

«እና ምን አልከው፣ አባዬ?»

«ሁለት ግራ እግር ያለው ዘመድ የለህም ወይ አልኩት።»

ሳቄ አመለጠኝ። እየሳቅሁ ግማሹን በላሁ። በቀረው ላይ «ጨርሺ» የሚለኝ አልነበረም። የበላሁት እስኪረጋልኝ ድረስ ሁለቱም አብረውኝ ቆዩ።

በማግስቱ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ። አለቀስኩ። እናቴ ሳህኑን አነሳችና ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። «ምሳ ላይ እንሞክራለን» አለች። አባቴም ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።