የጎበጠው ሰደፍ

የባለቤቴ አባት ከበቅሎ ወድቀው አንገታቸው ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ የተኮሱት ጥይት ያረፈው እኔ የቆምኩበት የበር መቃን ላይ ነው። ከሞላሌ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ሜዳውን ሲሸፍነው «ተኩላ በጎቹ መሃል ገባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እሳቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃቸውን ይዘው ወጥተው ከበረቱ በታች ዞሩ። በረቱ ከታች ነው፤ ቤቱ ከላይ፣ ተረተሩ ላይ። የተኩሱ ድምፅና ከጆሮዬ አጠገብ የተፈነጠረው እንጨት እኩል ደረሱኝ። ተኩላው አንድ ግልገል ይዞ ሄደ። እኔ ለረጅም ጊዜ ከደጃፉ መንቀሳቀስ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልለው፣ የፈቃድ ወረቀቱን በላስቲክ አድርገው ሱቄ ድረስ መጡ። እኔ አናጺ ነኝ፤ አልጋ፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ግን በሕይወት ሳለ የጠመንጃ ሰደፍም ይጠግን፣ ለባለቤቱ ቁመናም እንዲስማማ ያጎብጥ ነበር።

«አባትሽ ይችልበት ነበር፤ አንቺም ታውቂበታለሽ» አሉኝ።

«አይቼ አውቃለሁ እንጂ ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲህ ዛሬ ትሠሪያለሽ።»

ችግሩ ግልጽ ነበር። አንገታቸው አልታጠፍ ስላለ ጉንጫቸው እንጨቱ ላይ አይደርስም። ዓይናቸው ከአፈሙዙ በላይ ይቀርና ጥይቱ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ሰደፉ ወደ ታች ትንሽ ቢጎብጥ ትከሻቸው ላይ ሲያስደግፉት አፈሙዙ ከፍ ብሎ ከዓይናቸው ጋር ይስተካከላል። ጠመንጃ እፈራለሁ፤ እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። እምቢ ብላቸው ግን በዚያው ጠመንጃ መተኮሳቸው አይቀርም። በዚያ ደጃፍ የሚቆመው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ አይደለሁም፤ ልጆቼም ይቆማሉ። ተቀበልኳቸው።

አፈሙዙን ፈትቼ ለብቻው ሳስቀምጠው ትንሽ ተነፈስኩ። የሰደፉን አንገት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠመጠምኩት። የተልባ ዘይት በከሰል ምድጃ ላይ አሙቄ በጭልፋ እየቀዳሁ አንድ ሰዓት ያህል አፈሰስኩበት። ዘይቱ በጣም ከጋለ እንጨቱን ያሳርረዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እንጨቱ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ከዚያ ሞርሳው ላይ አስሬ እንጨቱን የሚጫነውን ብሎን በትንሽ በትንሹ አጠበቅሁ። አማቴ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከጎረቤቴ ጋር ይጫወታሉ። ብሎኑን አራተኛ ጊዜ ሳዞር እንጨቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።  ምንም አልሆነም ብዬ ለራሴ ነግሬ አንድ ጊዜ ጨመርኩ።

በማግስቱ ስፈታው ሰደፉ በጣት ውፍረት ያህል ወርዷል፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር። ዘይቱን ስጠርገው ግን አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ርዝመቷ ከጥፍሬ አይበልጥም። ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። እሳቸው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው እንደ ልጅ እየተቁነጠነጡ ይጠብቁኛል። ስንጥቋን በኮላ ሞላኋት፣ በሰም አሸሁና ጠመንጃውን ገጥሜ ሰጠኋቸው።

አብረን መንደራቸው ሄደን ድንጋይ ላይ ባቆሙት ቆርቆሮ ሞከሩት። በመጀመሪያው ተኩስ ቆርቆሮው ተገለበጠ። «እጅሽ ይባረክ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔ ግን የሰደፉ አንገት ተሰብሮ ፊታቸው ላይ ሲፈነዳ ነበር የሚታየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመንደራቸው ስልክ በተደወለ ቁጥር ስልኩን ለባለቤቴ አቀብለዋለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ለእሱም አልነገርኩትም።

ከሁለት ወር በኋላ ተቆጥተው መጡ።

«እንጨትሽ ተመልሷል» አሉ ጠመንጃውን ጠረጴዛዬ ላይ እየጣሉ። «አንዱንም አልመታልኝ አለ።»

የጎበጠ ሰደፍ ቀስ በቀስ ትንሽ እንደሚመለስ አባቴ ነግሮኝ ነበር። ጠመንጃውን አንስቼ መጀመሪያ ያየሁት ስንጥቋን ነው። አልሰፋችም። ወደ ሆዴ አስጠግቼ በሲባጎ ለካሁትና ያኔ ስጨርስ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ካደረግሁት ልክ ጋር አስተያየሁት። ያው ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ያው ነው። ቀና ስል አማቴ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የቀኝ ዓይናቸው ብሌን ላይ ነጭ ነገር ጋርዶበታል።

«አባባ፣ እንጨቱ አልተመለሰም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ዓይንዎ ነው።»

ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። የቀረውንም አወጣሁት። «እኔም የደበቅሁዎት ነገር አለ። ሳጎብጠው ተሰንጥቆብኝ ነበር። እዚህ ጋ። በኮላ ደፍኜ ነው የሰጠሁዎት።»

ጣታቸውን አንገቱ ላይ እየጎተቱ ፈለጓት። ሲያገኟት ፊታቸው ተለወጠ።

«ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ላይ ለጥፌው ስተኩስ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

ጠመንጃውን አነሱት። ጥለውኝ ሊሄዱ መሰለኝ። ምን እንደፈለጉ እንጃ፣ መሃሉን ሰበር አድርገው ከፈቱት። ሁለት ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

ጠመንጃው ስለካው ጊዜ ሁሉ ጎርሶ ነበር። አፈሙዙን ሆዴ ላይ አስደግፌ ነበር ሲባጎውን የወጠርኩት። የመጋዝ ብናኝ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ጥይቶቹን በመዳፋቸው ሰበሰቧቸው።

«ማጉረሴን ረስቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ አጠገቤ ባለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ከሦስት ቀን በፊት በጉም ውስጥ፣ ገብሱ ዳር፣ ግራጫ ነገር ጎንበስ ብሎ አዩ። ተኩላው ነው ብለው አነጣጠሩ፤ ጣታቸውን ቃታው ላይ አደረጉ። ግራጫው ነገር ቀና አለ። ብርድ ልብስ የደረበች ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሣር ታጭዳለች።

«ለማንም አልተናገርኩም» አሉ። «እንጨቱ ነው አልኩ ለራሴ። እንጨቱ ነው እንድትይኝ ነው የመጣሁት።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ለራሴ የነገርኩት ከዚያ የተሻለ አልነበረም።

ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። የዓይን ሞራ ነው ተብሎ ተገፈፈላቸው። ጠመንጃውን በወረዳው በኩል በትንሹ ልጃቸው ስም አዛወሩት። ልጁ አንገቱ ደህና ስለሆነ ሰደፉን መልሼ እንዳቀናለት ጠየቀኝ። ስንጥቋን አሳይቼው እምቢ አልኩ፤ አዲስ ሰደፍ ሌላ ባለሙያ ዘንድ አሠራ።

ዓይናቸው ከዳነ በኋላ አማቴ አንድ ቀን ወደዚያች ጎረቤታቸው ቤት አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ሴትየዋ በጓሮዋ እያጨደች ነበር። እሳቸው ቆመው ያን ቀን ያደረጉትን ሁሉ፣ ጣታቸው የት እንደነበረ ሳይቀር ነገሯት። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊታችንን አየች። ማጭዷን ቀስ ብላ አስቀመጠችና መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።