ስምንት ድምፅ ለጋሼ

ጋሼ ከቡድናችን የወጡት በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና አርም ነበር። ስልኬን ሳነሣ በቴሌግራም ገጻችን ላይ ከስማቸው ቀጥሎ «ከቡድኑ ወጥተዋል» የምትል አንዲት መስመር አገኘሁ። ስንብት የለም፣ ቁጣ የለም። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኋት።

ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በቅደም ተከተል ካልጻፍሁት ለራሴ ጠበቃ መቆም እጀምራለሁ።

ጋሼ ቡሬ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በቆርኪ ዳማ ስንጫወት አይተው ቼዝ ያስለመዱንም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በኢንተርኔት በቡድን ቼዝ መጫወት እንደሚቻል ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንድ ፈረስ ለስንት ሰው ሊጋለብ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከማንኛችንም ይልቅ የጸኑበት እሳቸው ሆኑ።

አካሄዱን ለማያውቅ ላስረዳ። ሁለት ቡድኖች በአንድ ሰሌዳ ይገጥማሉ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ቀን ይሰጣል። በሦስቱ ቀናት የቡድኑ አባላት በራሳቸው ገጽ ይከራከራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የመረጠውን ያስገባል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው እንቅስቃሴ ይሆናል። ማን ምን እንደመረጠ የሚታየው ድምፁ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሦስት ቀን መሆኑ ለእኛ ተስማምቶናል፤ ኔትወርክ ቢሄድም ከሦስት ቀን በአንዱ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ዘጠኝ ነበርን፦ እኔ፣ ጋሼ፣ ደምበጫ እንግሊዝኛ የምታስተምር ምላሰ ስል መምህርት፣ ከፈረስ ቤት ከተማ መጥቶ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የሚማር ዲያቆን፣ ሌሎቹ አምስቱ በየወረዳው የተበተኑ አስተማሪዎች።

ጋሼ ገና ስንጀምር ሁለት ደንብ አወጡልን። ጨዋታ ሲጀመርም ሲያልቅም፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም፣ ተጋጣሚን ማመስገን አለብን። ሁለተኛው፣ የቼዝ ማሽን ከፍቶ መልስ መፈለግ ነውር ነው። «ማሽን የሚያይልን ከሆነ እኛ ለምን ተሰበሰብን?» ይሉ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ደንብ የጣሰ ሰው መኖሩን አላውቅም።

ለእኛ ለወጣቶቹ ቡድኑ መዝናኛ ነበር። ለጋሼ ግን ከጡረታ በኋላ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ሰው የሚጠይቃቸው የቀረ አንድ ቦታ ነበር። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጺማቸውን ይላጫሉ። ጎረቤት ሲመጣም ባለቤታቸው «ዛሬ ስብሰባ አላቸው» ብለው ይመልሱ ነበር።

ያ ጨዋታ መስከረም ላይ ተጀመረ። ተጋጣሚዎቻችን ከሌላ አገር ናቸው፤ እኛ በአንድ ወታደር በልጠናቸው ነበር። ጋሼ በንጉሣችን ፊት ካሉት ሦስት ወታደሮች የዳሩን አንድ ርምጃ ወደፊት እንግፋ አሉ፤ ንጉሡ ከጀርባ ቢጠቃ ማምለጫ በር ይሁነው ብለው። እኔ ተቃወምሁ። ፈረሳችን መሃል ሜዳ ቢወጣ እንደሚሻል አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ ጻፍሁ። አምስት ለአራት የእኔ ሐሳብ አለፈ።

ወዲያው ዲያቆኑ ደወለልኝ።

«አንተ፣ ጋሼን በአደባባይ እንዲህ ይሏቸዋል?»

«ምን አልሁ? ፈረሱ መሃል ይሻላል ነው ያልሁት።»

«ቁጥር እየሰጠህ እኮ ነው ያፈረስሃቸው! ተማሪህ ናቸው እንዴ? ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የቀረህ።»

ደነገጥሁ። ለጋሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው ግን ሳቁ። «ተሸነፍሁ እንጂ ተሰደብሁ? ደግሞም ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ጨዋነት መሰለኝ፤ ሁለተኛ እንዳልቃወማቸው ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከዚያ ሁለት እንቅስቃሴ በኋላ ጋሼ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጆች፣ ዳር ያለችው ወታደራቸው ጠባቂ የላትም። በግንባችን እንብላት። ንጉሣችን ማምለጫ ስላለው ከኋላ አያሰጋንም።»

ማምለጫ አልነበረውም። ግንባችን የመጨረሻውን መስመር የሚጠብቅልን ብቸኛው ዘብ ነበር። እሱ ወታደር ለመብላት ከሄደ የእነሱ ግንብ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ንጉሣችን በራሱ ሦስት ወታደሮች ታጥሮ እዚያው ያልቃል። ጋሼ ይህን የማያዩ ሰው አይደሉም። ነገሩን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ዓይናቸው ስለደከመ ስልክ ላይ ማስላት ትተው ቤታቸው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር የሚያሰሉት። በድምፅ የተሸነፉበትን ያን ወታደር ሰሌዳቸው ላይ ቀድመው ገፍተውት ነበር፤ ውጤቱ ሲወጣ መመለሱን ረሱት። በእሳቸው ሰሌዳ ላይ ሐሳባቸው ትክክል ነበር።

አንድ መስመር ይበቃ ነበር። «ጋሼ፣ ያ ወታደር እኮ አልተነቃነቀም» ብዬ ጻፍሁና ሳልልከው አጠፋሁት። የደምበጫዋ መምህርት ትናገራለች፣ እሷ ማንንም አትፈራም አልሁ። እሷ ደግሞ እኔን ጠብቃለች። ሁለት ቀን ሙሉ በገጹ ላይ አንድ ቃል የጻፈ የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ሌሎቹ መቼም ሌላ ነገር ይመርጣሉ፣ ጋሼ ግን በአንድ ድምፅ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብዬ የእሳቸውን መረጥሁ። እንዲህ ያሰብሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ድምፁ ሲዘጋ ዘጠኝ ለዜሮ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሙሉ ድምፅ ያለፈ የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር። የእነሱ ግንብ ገባ፤ ጨዋታው አለቀ።

ተጋጣሚዎቻችን አመሰገኑን። መምህርቷ ተርጉማ ለጠፈችልን፦ «እንደ እናንተ አንድ ልብ የሆነ ቡድን አልገጠመንም።» ጋሼም ምስጋናውን በእኛ ስም መልሰው ለእኛ ይህን ጻፉ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግን ልጆች አትዘኑ። ዘጠኝ ሰው አብሮ ከታወረ አብሮ ይማራል።»

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሠንጠረዥ የማውጣት ልማድ አለኝ። አባላቱ የሚሞሉት ሦስት ጥያቄ ነው፦ ምን አየህ? ምን መረጥህ? ለምን? ከሽንፈት ነው ትምህርት የሚገኘው ብዬ የዚያኑ ዕለት ለጠፍሁት፤ «በግልጽ እንጻፍ» የሚል ማሳሰቢያም ጨመርሁበት።

መጀመሪያ የሞላው ዲያቆኑ ነው። «አይቼዋለሁ። ጋሼ ካሉ ብዬ የእሳቸውን መረጥሁ።» መምህርቷ ቀጠለች፦ «አየሁት። ጋሼ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ነው።» ሌሎቹም ተራ በተራ ያንኑ ጻፉ። አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል፤ ያን ጊዜ ግን ፍቅራችንን የምንገልጽላቸው ነበር የመሰለን። የእኔ መልስ ከሁሉም ረዝሞ ነበር። ያጠፋኋትን መስመር ሳይቀር ጻፍሁት።

ጋሼ ማታውኑ መለሱ፦ «እንግዲያው የታወርሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

በማግሥቱ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ ቡሬ ሄድን፤ ዲያቆኑ፣ መምህርቷና እኔ። ሚኒባሱ ማንኩሳን ሲያልፍ ዲያቆኑ፣ «እንደ ጥንቱ ድንጋይ ተሸክመን እንግባ ይሆን?» አለ።

«እኔና አንተ ጠጠር ይበቃናል» አለች መምህርቷ። «ሠንጠረዡን ያወጣው ሰውዬ አለት ይሸከም።»

አልሳቅሁም። እሷም ብትሆን ከልቧ አልቀለደችም።

ግቢው ውስጥ በርበሬ በኬሻ ላይ ተሰጥቷል። ባለቤታቸው ወጥተው፣ «ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ። በርበሬውን እንዳትረግጡት» አሉን። በር ላይ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰሌዳቸውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። እህል እንኳ በወጉ አይበሉም» አሉ።

ጋሼ ሲያዩን ብድግ አሉ። ጺማቸው አድጎ ነጭ ሆኗል። ሦስታችንም እግራቸው ላይ ወደቅን። ዲያቆኑ ነው የተናገረው፦ «ጋሼ፣ አጥፍተናል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉን።»

«ተነሡ እንጂ! ምነው? ይቅር ለእግዚአብሔር። መጀመሪያስ መች ተቀየምሁ?»

«እንግዲያው ይመለሱ» አለች መምህርቷ።

«ወዴት ልጄ?»

«ወደ ቡድኑ ነዋ።»

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መዝጋቢ ነህ። በሦስት ዓመት ውስጥ የእኔ ሐሳብ ስንት ጊዜ አለፈ?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ከማንኛችንም ይበልጥ ነበር።

«ብዙ ጊዜ ነው» አሉ ራሳቸው። «ደስ ይለኝ ነበር። ጭንቅላቴ ገና ነው እል ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ ውስጥ በእውነት የእኔ የነበረው የትኛው ነው? እናንተ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ፤ እኔ መለየት አልቻልሁም።»

«ጋሼ፣ ስለምናከብርዎ እኮ ነው» አለ ዲያቆኑ።

«አውቃለሁ። ሕፃንም ሲያታልሉት ስለሚወዱት ነው።»

ይቅርታ ልንጠይቅ የመጣነው ከተቀየመ ሰው ጋር ለመታረቅ ተዘጋጅተን ነው፤ ጋሼ ግን አልተቀየሙም። ነገሩ በቃላት የሚጠገን እንዳልሆነ ሲገባኝ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጨዋታ እንጫወት። አሁን፣ እዚሁ» አልሁ። «ላሸንፍዎ ነው የምጫወተው፤ አልምርዎትም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ዋ! እንዲህ ነው እንጂ። ሰሌዳውን አውርደው።»

አቧራውን በእጄ ጠርጌ ደረደርሁት። ልጻፈው፤ ሊያምነኝ የሚፈልግ ይመነኝ፦ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ተጫውቼ አላውቅም። በርትቼ አሸንፌ እንደማልሳሳላቸው ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። በሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ወታደር በጣታቸው እየነኩ ያሰላሉ። በመካከሉ ንግሥቴን ይዤ ቀኝ ክንፋቸውን አጠበብሁ፤ ያለቀላቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን ግንባቸውን ሰጡኝ። ስበላው ፈረሳቸው ዘሎ ንጉሤንና ንግሥቴን አንድ ላይ ያዘ። እንደዚያ ያለ ነገር ሲሠሩ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አላየሁም። መውጫ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ንጉሤን በእጄ አስተኛሁ።

ደስ አለኝ። ከመሸነፍ የሚገኝ እንደዚያ ያለ ደስታ መኖሩን አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ፤ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው እንደሚመሰገነው አድርገው።

«ጋሼ፣ የእውነቴን ነው! የምችለውን ሁሉ ነው የተጫወትሁ!»

«እሽ።»

«እምላለሁ።»

«በሰንበት አትማል።»

«እኔም አይቼዋለሁ ጋሼ» አለ ዲያቆኑ። «ላብ አጥምቆታል እኮ! አልለቀቀልዎትም።»

መምህርቷም፣ «እኔ እንኳ ያንን ፈረስ አላየሁትም ነበር» አለች።

ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። «እናንተማ መመስከሩን መች ታጡታላችሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምንም ምሬት አልነበረም።

እኔም የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ማስረዳት። ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መልሼ የተሳሳትሁበትን አሳየኋቸው። አንደኛ፣ ንግሥቴን በጊዜ አልመለስሁም። ሁለተኛ፣ ግንቡን ስበላ ፈረሱ የት እንደሚደርስ አላሰላሁም። ሦስተኛ... ተማሪን እንደሚሰሙ ሆነው፣ ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«በደንብ ተዘጋጅተህ ነው የመጣኸው» አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከዚያም ወደ ጓዳ ዞረው እንግዶቹ ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ ለባለቤታቸው ነገሯቸው።