የሐሙዲ ሹራብ

ሠርካለም ከአረብ አገር የተመለሰችው በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ሰባት ዓመት ሠርታ አንዲት ሻንጣ ይዛ መጣች። እናቷ ብርነሽ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ወጥታ ስትቀበላት ሻንጣውን ልትሸከምላት ብድግ አደረገችውና ቅለቱ አስደነገጣት። የሞላ መስሎት ባዶ እንስራ ያነሣ ሰው እንደሚንገዳገድ ተንገዳገደች። ሻንጣውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መንገድ ጀመረች። ብርነሽ ዱሮም ብዙ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም።

ዘመድ ግን ይጠይቃል። እንኳን ደህና ገባሽ ሊል የሚመጣው ሰው አፉ ከሠርካለም ጋር ሲያወራ ዓይኑ ሻንጣው ላይ ነበር። የአጎቷ ልጅ ስልክ ይጠብቅ ነበር፣ ባልቴቶቹ ሻሽ። ለማንም የምትሰጠው አልነበራት። እንግዳው እየሳሳ ሄዶ በሳምንቱ የሚመጣ ሲጠፋ፣ ሠርካለም ጓዳ ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ያ መኝታ ወር አለፈው። ብርነሽ ምግቡን አቅርባ፣ ቆይታ፣ ሲበርድ መልሳ ታነሣዋለች።

«እስቲ ሁለት ጉርሻ፣ የኔ አካል።»

«በቃኝ እማ።»

ቀኑን ሙሉ የሚነጋገሩት ይኸው ነው። ጎረቤቷ አልማዝ፣ ብቅልና ጌሾ የምትሸጠው፣ በአጥር በኩል ብቅ እያለች ትመክራለች። «ምን አስቀመጠሽ? ውሰጃት እንጂ። አንድ ልጅሽን ግድግዳ ሲበላት ቁጭ ብለሽ ታያለሽ?» ብርነሽም ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደቻት። ሰባት ቀን ተነከረች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች ሲጮኹ፣ ስለት ሲሳሉ፣ ሲጫወቱ ሠርካለም ዓይኗን ጨፍና እስከ አንገቷ ውኃው ውስጥ ትቀመጣለች። እንደሄደች ተመለሰች።

የሚያስነሣት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በትንሿ መስኮት ስትገባ ሻንጣዋን ትከፍትና የተጀመረ የሕፃን ሹራብ፣ ሁለት ረጃጅም የሹራብ መሥሪያ ሽቦ፣ ውኃ ሰማያዊ የሱፍ ልቃቂት ታወጣለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እየቆጠረች ትሠራለች። ጥቂት መስመር ከሠራች በኋላ በእጇ ስንዝር ትለካዋለች፤ ራሷን ትነቀንቅና መልሳ ትተረትረዋለች። ብርነሽ ከበሩ ሆና ስታያት የሚያስፈራት መተርተሩ ነበር። ልጇ ልትሞትባት ወይም ተመልሳ ልትሄድባት እንደሆነ ታውቃለች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ብቻ አታውቅም።

አንድ ቀን በርጩማዋን ይዛ ገባችና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«አስተምሪኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ይኼን የምትሠሪውን።»

ሠርካለም ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ፈታይ አይደለሽም እንዴ? ሹራብ ምን ያደርግልሻል?»

«ፈትልማ ማን ይፈልገዋል ዛሬ። ሸማኔው ሁሉ የፋብሪካ ክር ይዟል። እጄ ሥራ ፈታ።»

ግማሹ እውነት ነበር። ብርነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ኖራለች። ባሏ ሲሞት ልጇን ያሳደገችው በዚያው ነው። ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ አመልማሎውን ጠቅልላ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስታሾረው ክሩ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ይወጣላት ነበር። ቅዳሜ ገበያ ላይ «የብርነሽ ፈትል አይበጠስም» ይባል ነበር። በዚህ ዓለም የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱንም ሰው ሲያነሣው አንገቷን ትደፋለች።

ከገበያ አንድ ልቃቂት ቀይ ክር ገዛች። ሽቦውን ብስክሌት የሚያድሰው ይሻው ከአሮጌ ጎማ ነቅሎ ጫፉን አሹሎ ሰጣት። «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ቢላት፣ «እንዲያው» አለችው።

ትምህርቱ ተጀመረ። «በዚህ ታስገቢያለሽ፣ ክሩን ታዞሪያለሽ፣ ታወጪያለሽ፣ የፊተኛውን ትጥይዋለሽ» ትላታለች ሠርካለም። ብርነሽ ታስገባለች፣ ታዞራለች፣ ከዚያ ክሩን ጥብቅ አድርጋ ትስበዋለች። የፈታይ እጅ ላላ ያለ ክር ሲነካ ያፍራል፤ ሳይታወቃት በአውራ ጣቷ ታከረዋለች። በሁለተኛው መስመር ቀለበቶቹ ሽቦውን አንቀው ይዘውት አልንቀሳቀስ አሉ።

«እማ፣ ልቀቂው እንጂ!»

«ለቅቄዋለሁ።»

«አለቀቅሽውም! አህያ ልታስሪበት ነው እንዴ? አምጪው።» ሠርካለም ሽቦውን ልታወጣ ብትስብ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ብትይዘው እምቢ አላት። እናቷ ደግሞ በዚያ በኩል ይዛ ትስባለች። ድንገት ሠርካለም ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበረች፤ ከወጣች በኋላ ራሷም የደነገጠችባት ትመስላለች። ብርነሽ ግን ያችን ሳቅ ለመስማት ከዚያ ወዲያ አንዳንዴ ሆን ብላ ታጠብቀው ነበር።

ጾሙ ገባ። እናትና ልጅ ከሰዓት ከሰዓት አብረው ይቀመጡ ጀመር። ብርነሽ ለፋሲካ ለልጇ የምትሰጠው የአንገት ልብስ እየሠራች ነው፤ ሠርካለም ይህን እንዳወቀችባት ብርነሽም ታውቃለች፣ ግን አይነጋገሩበትም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፤ ልጅቷም ዓይኗን ከሽቦው ሳታነሣ፣ ትንሽ በትንሽ ነገረቻት።

ሹራቡ የሐሙዲ ነው። ሐሙዲ የአሠሪዎቿ ልጅ ነው። ከሐኪም ቤት ሲያመጡት ያስቀመጡት እሷ እጅ ላይ ነው። ጡጦውን የያዘችለት፣ ጥርሱን፣ የመጀመሪያ እርምጃውን ያየችው እሷ ናት። እዚያ አገር ውጪው እሳት ነው፤ ቤቱን ግን በማሽን ያቀዘቅዙታል፣ ሌሊት ልጁ ይስላል፤ ሹራብ መሥራት የተማረችው ለዚያ ነው። በየዓመቱ አንድ ትሠራለት ነበር። አራት ዓመት ሲሆነው፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ እናቱ እጇን ዘርግታ እያለች አልፏት ሮጦ «ማማ» ብሎ ሠርካለምን አቀፋት። በሦስተኛው ቀን ትኬት ተቆረጠላት። ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ዕቃ እንኳ ሳትሸምት ነው ያወጧት።

«ሲነሣ ፈልጎኛል» አለች። «ከአልጋው ሥር ነው የሚፈልገኝ። ድብብቆሽ ስንጫወት እዚያ ነበር የምገባ።»

ብርነሽ ሽቦዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስለ እግዚአብሔር ልታወራላት አሰበችና አፈረች።

«አሁን አምስት ሊሞላው ነው» አለች ሠርካለም። «ምን ያህል እንዳደገ አላውቅም። ለዚያ ነው የምተረትረው።»

ፋሲካ መጣ። የአንገት ልብሱ ተሰጠ፤ እንደ ጅራፍ የጠነከረ ቢሆንም ሠርካለም አንገቷ ላይ ጠምጥማው ዋለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከታችኛው ሠፈር ኤደን የምትባል ልጅ ወደዚያው አገር፣ ወደዚያችው ከተማ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። ሠርካለም ስትሰማ ከተኛችበት ተነሥታ ቁጭ አለች።

«እነሐሙዲ የሚኖሩበት ሕንፃ ዘበኛ የወሎ ሰው ነው» አለች። «ኤደን ለሱ ከሰጠችው ለልጁ ያደርስልኛል። እማ፣ ይኼ ሹራብ እጁ ከገባ እኔ አልሄድም። ሳልሰናበተው ነው የወጣሁት። ከደረሰው ተሰናበትሁት ማለት ነው። እዚሁ እቀራለሁ፤ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ከዚያ በኋላ መተርተር ቀረ። ቀንም ማታም ሠራች። ከደረቱ ላይ ነጭ መስመር አስገባችበት፣ አንገቱ ላይ ሦስት ቁልፍ ተከለችበት። ሐሙስ ኤደን ልትሄድ ማክሰኞ አለቀ። ሠርካለም ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አድራሻውን ለኤደን በወረቀት ልታስረዳት ወደ ታችኛው ሠፈር ወጣች።

ብርነሽ ብቻዋን ቀረች። ሹራቡን አንሥታ በብርሃን አየችው። ልጇን እናት ብሎ የጠራ ልጅ ለእሷ ምንዋ ነው? የልጅ ልጇ አይደለም? ከአያት እጅ ምንም ሳይጨመርበት መሄዱ ከበዳት። ደግሞም ሹራቡ ወራት ሙሉ ሲሠራ፣ ሲተረተር፣ አልጋ ላይ ሲንከባለል ጠቆር ብሏል። የባለእጅ ቤት ወግ አለ፦ ከሸማኔ እጅ የወጣ ጋቢ ሳይታጠብ ለሰው አይሰጥም። በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ታሽቶ ነው ጥጡ የሚነሣ፣ የሚሞላ፣ ወዝ የሚያገኝ። ብርነሽ ይህን ከእናቷ የተማረችው ገና ልጅ ሳለች ነው።

ውኃ ጣደች። እንዶድ ወቀጠች። ውኃው ሲፍለቀለቅ በገበቴ ገልብጣ ሹራቡን ከተተችውና እጇ እየተቃጠለ፣ እየነፋችበት፣ አሸችው። አረፋው ነጭ ሆኖ ወጣ። ደስ አላት። በዚህ ዓመት እንዲህ ደስ ያላት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደግማ አሸችው። ስትጨምቀው ግን እጇ ውስጥ ያለው ነገር ትንሽ ሆነባት። ዘረጋችው፤ አልዘረጋ አለ። በሁለት እጇ ሳበችው። እንደ ቆዳ ወፍሯል። ቀለበቶቹ ተያይዘው አንዱ ካንዱ አይለይም።

አልማዝ በአጥሩ በኩል አየቻትና ጮኸች። «ብርነሽ! ምንድን ነው? ሱፍ ነው? ሱፍ በፈላ ውኃ! ዝተት ልትሠሪበት ነው እንዴ?»

አልማዝ የጉና ተራራ ሥር ልጅ ናት፤ እዚያ ዝተት የሚባለውን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ነው ሆን ብለው በሙቅ ውኃ እየረገጡ የሚያጠብቁት። የበግ ሰው ያውቀዋል። ብርነሽ የጥጥ ሰው ናት።

«ይመለሳል?» አለች።

«ምኑ ይመለሳል፣ እታለም።»

ሠርካለም ስትመጣ ብርነሽ ግቢው መሐል እንደቆመች ነበር። ልጅቷ ሹራቡን ከእጇ ወሰደች። ቁልፎቹ ብቻ እንዳሉ ናቸው፤ ትልልቅ መሰሉ። ሁለት መዳፏ ላይ አስቀመጠችው፤ ከሁለቱ እምብዛም አልተረፈም።

«ከሐኪም ቤት ሲያመጡት» አለች፣ «ይኼን ያህል ነበር።»

«እርገሚኝ» አለች ብርነሽ። «ስደቢኝ፣ ልጄ።»

«አላወቅሽም እማ።» ሹራቡን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ያ ሱፍ ደብረ ታቦር አይገኝም። ብርነሽ በማግስቱ ገበያውን ሱቅ በሱቅ ዞረች፤ ያለው እሷ ለአንገት ልብሱ እንደገዛችው ዓይነት ሻካራ ክር ነው። እሱንም ገዝታ ሮጣ መጣች። በአንድ ሌሊት ግን የአምስት ዓመት ልጅ ሹራብ አይሠራም። «ይቅር እማ» አለቻት ልጇ። ሐሙስ ጧት ኤደን ባዶ እጇን ሄደች።

ከዚያ ሠርካለም ተነሣች። በጧት ትነሣለች፣ ትበላለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፣ ፓስፖርቷን ይዛ ትወጣለች። ሰው ሁሉ ዳነች አለ። «እልል በይ እንጂ» አለቻት አልማዝ፤ «ፍል ውሃው ሠርቶላታል።» ብርነሽ ግን ልጇ ስትበላ ዓይኗ ፓስፖርቱ ላይ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ሻንጣው እንደገና በር ላይ ቆሞ ባየችው ቀን፣ እንደ ልማዷ ሳትሆን ጠየቀች።

«እቀራለሁ ብለሽኝ አልነበረም? በማርያም ብለሽ?»

«ከደረሰው ነው ያልሁሽ፣ እማ። አልደረሰውም።»

መናኸሪያ ጉሙ ወርዶ ሚኒባሱ አሥር እርምጃ ራቅ ሲል አይታይም ነበር። ሠርካለም በመስኮት በኩል የአንገት ልብሱን ፈትታ ለእናቷ ሰጠቻት። «እዚያ ሙቀት ነው። አንቺ ልበሽው፤ ክረምቱ ይበርድሻል።» ረዳቱ «ወረታ፣ ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» እያለ በሩን ዘጋው።

ክረምቱን ሙሉ አልደወለችም። ኔትወርክ የለም ይባላል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በጳጉሜን የአልማዝ ስልክ ጮኸና አልማዝ በዝናብ እየሮጠች አመጣችላት።

«ደህና ነሽ? ልጁን አየሽው?» ነበር የብርነሽ የመጀመሪያ ቃል።

መስመሩ ተንሿሿ። ከዚያ የሠርካለም ድምፅ ከሩቅ መጣ። «ሌላ ከተማ ነው የላኩኝ። ልጁ ካለበት በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል። እንድወጣም አይፈቅዱልኝ።»

«እና ምን ትሠሪያለሽ?»

«አሮጊት ነው የምጠብቅ። መነሣት አይችሉም። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። በጣም ቀጫጫ ናቸው እማ፣ ልክ እንዳንቺ።»

ብርነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «በደንብ ያዣቸው» አለች። «ጀርባቸው እንዳይቆስል አድርጊ። ደግሞ ውኃውን...» ስልኩ ተቋረጠ።

አልማዝ ነጠላዋን እየጨመቀች በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር። «ምን አለች? ደህና ናት?»

«ሥራ አግኝታለች።»

«ተመስገን በያ!»

«ተመስገን» አለች ብርነሽ።